ስለ ቁልፍና ስለ ጭምብል

ሰው ከሰው ጋራ ሲኖር ብዙ ነገር ያስፈልገዋል። ምግብ ያስፈልገዋል፤ ልብስ ያስፈልገዋል፤ መጠለያና ሥራ ያስፈልገዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ተሟልተውለት መተማመን የጐደለው እንደ ሆነ፣ ቤቱ ግድግዳና ጣራ ብቻ እንጂ ቤት አይሆንለትም። መተማመን እንደ ገንዘብ ተበድረው የሚያመጡት፣ እንደ ዕቃም ከገበያ የሚገዙት ነገር አይደለም። በትንንሽ ነገር ቀስ በቀስ ይሠራል፤ ሲፈርስ ግን በአንድ ሌሊት ይፈርሳል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተምሬው ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ በገዛ እጄ አፍርሼው ስለማውቅ ነው። ታሪኩን ወደ ፊት እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ልግለጽ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ወረድ ብሎ ወዳለው ቤታችን አንዲት ወጣት መጣች። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኋት ልጅ ናት። ዝናብ መትቷት ስለ ነበር ባለቤቴ ጋቢ አልብሳ ከከሰሉ ዳር አስቀመጠቻት፤ ቡናም አፈላችላት። ልጅቱ አቦሉንና ቶናውን እስክትጠጣ ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ ታክሲ ሰልፍ ስትናገር ቈየች። በበረካው ላይ ግን ዕንባዋ መጣ።

«መምህር፣ በጥር ልንጋባ ቀን ቈርጠናል። ነገር ግን የማገባውን ሰው የማውቀው አልመሰለኝም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሷና እጮኛዋ ከሥራ ሲመለሱ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው፣ ከአያት ጦር ኃይሎች በሚመላለሰው ቀላል ባቡር ይሳፈራሉ። እጮኛዋ ስልኩን የሚከፍትበትን ቍጥር ገና ሲተጫጩ ነግሯት ነበር፤ «ከአንቺ የምደብቀው ነገር የለኝም» ብሎ። አንድ ቀን ባቡሩ ሞልቶ ተጠጋግተው ቆመው ሳለ፣ ካልኩሌተር ከፍቶ አራት ቍጥር ሲጽፍ አየችው። መጀመሪያ የሠርጉን ወጪ የሚያሰላ መስሏት ደስ አላት። በኋላ ግን በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ካልኩሌተር መኖሩን አስተዋለች። ሰውየው ሒሳብ የማይወድ ሰው ነው፤ ታዲያ ሁለት ምን ያደርግለታል? ሐሳቡ እንደ እሾህ ወግቶ አላስቀምጣት ስላለ፣ አንድ እሑድ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ደጅ ብቅ ባለ ጊዜ አነሣችና ያንኑ አራት ቍጥር ጻፈች። ካልኩሌተሩም ሒሳብ መሥራቱን ትቶ እንደ በር ተከፈተ። በውስጡ የአንዲት ሴት ስም ነበረ። ከስሙ ሥር የተጻፈው ሁሉ ጠፍቷል፤ የቀረው «አመሰግናለሁ፤ ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለም» የሚል አንድ መስመርና፣ መልእክቱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚጠፋ የሚገልጽ ማስታወቂያ ብቻ ነበረ።

«አሁን ጥፋተኛው ማን ነው? የደበቀው እርሱ ነው ወይስ የበረበርሁት እኔ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ማታ አልመለስሁላትም። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች፤ ዝም ያለችበትንም ምክንያት እኔ ዐውቃለሁ። ልጅቱ የጠየቀችው ጥያቄ ከዐርባ ዓመት በፊት በእኛው ቤት ውስጥ ተነሥቶ የነበረ ጥያቄ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ይህን መሣሪያ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ነገርን በየዓይነቱ ሳይለዩ መፍረድ ስሕተት ስለ ሆነ፣ ጠይቄ የተረዳሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛው ዓይነት መቈለፊያ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድን ጭውውት ከሌሎቹ ለይቶ በጣት አሻራ ወይም በይለፍ ቍጥር መቈለፍ የሚቻልበትን ዘዴ አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻም፣ ባለቤቱ የመረጠውን ምሥጢራዊ ቃል በመፈለጊያው ላይ ካልጻፈ በቀር የተቈለፈው ጭውውት መኖሩ እንኳ እንዳይታይ ማድረግ ተቻለ። ሁለተኛው ዓይነት የሚጠፋ መልእክት ነው። በአገራችን እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት ምሥጢራዊ ጭውውት የሚባለውን ጨመረ። በዚህ የሚጻፈው ነገር ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ በቀር ሌላ ቦታ አይቀመጥም፤ ጊዜ ከተወሰነለትም ከተነበበ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ዋትስአፕም በ2020 የሚጠፋ መልእክትን አመጣ፤ ዛሬ ሰው መልእክቱ በ24 ሰዓት፣ በ7 ቀን ወይም በ90 ቀን እንዲጠፋ መምረጥ ይችላል። ሦስተኛው ዓይነት ግን ጭምብል ነው። ይህም ማለት መተግበሪያው ራሱን ሌላ ነገር አስመስሎ፣ ካልኩሌተር ወይም ሰዓት ወይም ማስታወሻ ደብተር መስሎ በስልኩ ላይ ይቀመጣል። የሚያየው ሰው ሁሉ የሒሳብ ማሽን ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ደግሞም በውነት ሁለትና ሁለትን ይደምራል። ምሥጢሩን የሚያወጣው ለባለቤቱ ብቻ ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ አጠቃሎ ማውገዝ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሰው የራሱ የሆነ የተከደነ ነገር ሊኖረው ይገባል። አባቶቻችን ገበና ብለው የጠሩት ይህንኑ ነው። ጓዳ ከሳሎን የተለየው እንግዳን ለማታለል አይደለም፤ የቤት ነገር በቤት እንዲቀር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ጠብቋል፤ በዚህም ውስጥ ደብዳቤው፣ የስልክ ንግግሩና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት ተካትቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ስልኩን ሳይቈልፍ የሚሄድ ሰው ኪሱን ከፍቶ በገበያ መካከል እንደሚያልፍ ሰው ነው። ስለዚህ መቈለፍ በራሱ ነውር አይደለም።

እንዲያውም መደበቅ ምሕረት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት በነበረ ጊዜ በሠፈራችን የወታደር ቤተሰብ ብዙ ነበረ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ማንበብ ስለማትችል፣ ባሏ ከግንባር የሚልክላትን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን አማቷ፣ ማለት የባሏ እናት፣ በአጠገባችን ተቀምጠው ሲያዳምጡ ሳለ ከደብዳቤው መካከል «እግሬን ቈስያለሁ፤ ለእናቴ ግን አትንገሪያት» የሚል ደረሰብኝ። ምን ላድርግ? ዘልዬው የሰላምታውን ቃል አነበብሁ። ሴትዮዋ ግን ፊቴን አይታ ነበርና፣ አማቷ ሲሄዱ «አሁን የዘለልኸውን አንብብልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። አነበብሁላት። ከዚያ ወዲያ እስኪድን ድረስ ምሥጢሩን ሦስታችን ጠበቅነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በቀበሌው ክፍል ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው እርሷ ናት። ፊደል ቈጥራ ባወቀች ጊዜ ደብዳቤዋን በነጠላዋ ሥር ይዛ በደጃችን ስታልፍ፣ «ከእንግዲህ አንተን አላስቸግርም!» ብላ የሣቀችው ሣቅ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ባልና ሚስት ሌላ ሰው የማይገባበት ቃል በመካከላቸው እንዲኖር መፈለጋቸው እንዴት ያለ ተገቢ ፍላጎት እንደ ሆነ ያን ቀን ተማርሁ።

መማሬንስ ተማርሁ፤ ነገር ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ረሳሁት። እነግራችኋለሁ ያልሁት ታሪክ ይህ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ባለቤቴ ወደ ቤቴ ስትመጣ ካመጣቻቸው ዕቃዎች አንዱ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ጓጉንቸር ነበረው፤ ቁልፉንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሳጥኑን ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ሰው ወደ ቤታችን መጥቶ፣ ከእርሷ ጋራ በደጅ በሹክሹክታ ተነጋግሮ ሲሄድ አየሁ። እርሷም ወደ ጓዳ ገባች፤ የጓጉንቸሩን ድምፅ ሰማሁ። ስጠይቃት «የዘመድ ጉዳይ ነው፤ ለአንተ የሚሆን ነገር አይደለም» አለችኝ። ይህ ቃል በልቤ ውስጥ ገብቶ ክፉ ዘር ሆነ። ጥርጥር ሲጀምር እንደ ምስጥ ነው፤ ውጪው ደኅና መስሎ ውስጡን ይበላል። አንድ የበዓል ቀን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። የዘወትሩ ነጠላ ከነቋጠሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ፈታሁት፤ ሳጥኑንም ከፈትሁት።

በውስጡ የነበሩት ደብዳቤዎች የወንድሟ ደብዳቤዎች ነበሩ። ወንድሟ በሱዳን በኩል ከአገር ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከኮበለለ ሰው ጋራ መጻጻፍ ምን እንደሚያመጣ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ደብዳቤዎቹ በሰው እጅ ይመጡ ነበር እንጂ በፖስታ ቤት አያልፉም። በአንደኛው ላይ ወንድሟ «ለባልሽ አትንገሪው፤ አስተማሪ ነውና ቢጠየቅ ‹አላውቅም› ማለቱ እውነት ይሁንለት» ብሎ ጽፎላት ነበር። እኔ በደለኛ ስፈልግ፣ ለካ የምትጠብቀው እኔን ኖሯል።

በዚያች ሰዓት ወጥቼ እስክትመጣ ጠብቄ፣ «ይቅር በይኝ፣ ከፍቼ አየሁት» ብላት መልካም ነበር። ነገር ግን አፈርሁ። ደብዳቤዎቹን እንደ ነበሩ አጣጥፌ መለስሁ፤ ጓጉንቸሩን ቈለፍሁ፤ ቁልፉን ቋጠርሁ፤ ስትመጣም እንደ ሁልጊዜው «እንዴት ዋልሽ?» አልኋት። የሴት ቋጠሮና የወንድ ቋጠሮ አንድ አለመሆኑን አላሰብሁም ነበር። እርሷ በማግሥቱ ዐወቀች። ሳምንት ሙሉ ምንም አልተናገረችም። በስምንተኛው ቀን ምሳ ስታቀርብ ቁልፉን ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችና፣ «ብትጠይቀኝ አንድ ቀን እነግርህ ነበር፤ አሁን ግን የምነግርህ አልቀረም» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳጥኗን አልቈለፈችም። ሳጥኑ ተከፍቶ ተቀመጠ፤ ልቧ ግን ለብዙ ዓመት ተቈለፈብኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሳጥን ከዚያ ካልኩሌተር ጋራ አስተያዩት። ሁለቱም የተደበቀ ነገር ይዘዋል። ሁለቱም በሰው እጅ ያለ ፈቃድ ተከፍተዋል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የባለቤቴ ሳጥን በክፍሉ መካከል ተቀምጦ፣ ጓጉንቸሩ በፊቱ ተንጠልጥሎ፣ ለሚያየው ሁሉ «በእኔ ውስጥ የተጠበቀ ነገር አለ» ይል ነበር። ስጠይቃትም «ነገር የለም» አላለችኝም፤ «ለአንተ የሚሆን አይደለም» አለችኝ እንጂ። ካልኩሌተሩ ግን «በእኔ ውስጥ ምንም የለም» ይላል። ቁልፍ እውነት ይናገራል፤ ጭምብል ይዋሻል። ነውሩ ምሥጢር መኖሩ አይደለም፤ ምሥጢር መኖሩን መካድ ነው። ያ ወጣት «ከአንቺ የምደብቀው የለኝም» ብሎ የስልኩን መክፈቻ ባይነግራት ኖሮ ጥፋቱ ባነሰ ነበር። የፊቱን በር ቁልፍ ሰጥቶ የኋላውን በር ግድግዳ አስመስሎ ቀባው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሐዋርያት ሥራን ስንማር፣ የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ እጅግ ያስጨንቀኝ ነበር። ባልና ሚስቱ መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋውም ከፍለው አስቀሩ፤ ቅጣቱም ከባድ ሆነ። ለገዛ ገንዘባቸው ይህን ያህል መቀጣታቸው ለልጅ አእምሮዬ ፍርደ ገምድል ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስተውለው ግን፣ ጴጥሮስ ገንዘቡን ለምን አስቀራችሁ ብሎ አልወቀሳቸውም። መሬቱም ዋጋውም የእነርሱ መሆኑን ተናግሯል። የወቀሳቸው ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን የሰጡ መስለው በመቅረባቸው ነው። ለሚወዱት ሰው ልብን በሙሉ ሳይሰጡ በሙሉ የሰጡ መስሎ መታየት የዚህ ዓይነት በደል ነው።

ልጅቱ ከመጣች ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱም አብረው መጡ። ወጣቱ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። «መምህር፣ ሴትዮዋ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማውቃት ናት። ዛሬ በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ችግሯን ትነግረኛለች፤ አልፎ አልፎም ለእናቷ ገንዘብ አድርስልኝ ትለኛለች። ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። የደበቅሁት እጮኛዬ እንዳይከፋት ብዬ ነው» አለ።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔም ፊቱን አይቼ ወደ ማመኑ አዘነበልሁ። ነገር ግን እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፣ የተናገርኸው እውነት ቢሆን ማን ይመስክርልህ? ጽሑፉ ቢኖር ኖሮ ጽሑፉ ይመሰክርልህ ነበር። አንተ ግን በየ24 ሰዓቱ እንዲጠፋ አድርገሃል። ጥፋት ሠርተህ እንደ ሆነ ጥፋትህን አጠፋህ፤ ንጹሕ እንደ ሆንህም ንጽሕናህን አብረህ አጠፋህ። አሁን የቀረህ ምስክር የገዛ ቃልህ ብቻ ነው፤ ቃልህን ደግሞ ‹የምደብቀው የለኝም› ባልህ ቀን አስቀድመህ አወጣኸው።»

ልብ በሉ፤ የሚጠፋ መልእክት ለጠላት ሲሆን ጋሻ ነው። መንገድ ላይ ስልክ ለሚነጥቅ ሌባ፣ ወይም በሰው ንግግር ላይ ጆሮውን ለሚጥል ሰው፣ መልእክቱ ጠፍቶ መገኘቱ መልካም ነው። በወዳጅ ፊት ግን ይህ ጋሻ ባለቤቱን መልሶ ይመታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን የጠፋ ጽሑፍ እያደር ሊጠራ አይችልም። ባዶው ቦታ ይቀራል፤ ባዶውንም ቦታ የሚሞላው የተጠራጣሪው ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ ከተጻፈው ነገር ሁሉ የከፋውን ይጽፋል።

ወደ ልጅቱም ዞር ብዬ፣ «አንቺም ጥፋት አለብሽ» አልኋት። ፊቷ ተለወጠ። «አንቺን የማወግዘው ራሴን ሳወግዝ ነው» ብዬ የሳጥኑን ታሪክ ነገርኋቸው። ባለቤቴ በአጠገባችን ተቀምጣ ነበር፤ ስናገር አንድ ጊዜም አላረመችኝም።

መበርበር የሚጀምረው «አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ልረፍ» በሚል ሐሳብ ነው። ነገር ግን ዕረፍት አይሰጥም። ክፉ ነገር ቢገኝ ኀዘን ነው፤ ምንም ባይገኝ ደግሞ «ሌላ ቦታ ደብቆት ይሆናል» የሚል አዲስ ጥርጥር ይወለዳል። በዓለም ላይ ያለውን ስልክ ሁሉ ብንፈትሽ ከፍተሻው መጨረሻ መተማመን አይገኝም፤ መተማመን ማለት ሳይፈትሹ መኖር ነውና። ደግሞም ፍተሻ መደበቅን ያስተምራል። በተማርሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሚመጣልንም የምንልከውም ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ በተቈጣጣሪዎች ይነበብ ነበር። ይህ ንጹሐን አላደረገንም፤ በሎሚ ጭማቂ መጻፍ አስተማረን እንጂ። በሎሚ የተጻፈው ሲደርቅ ወረቀቱ ባዶ ይመስላል፤ ወደ ፋኖስ ሲያስጠጉት ግን ፊደሉ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ብዙዎቻችን በሎሚ የምንጽፈው ክፉ ነገር አልነበረም፤ የእናት ናፍቆትና የጓደኛ ቀልድ ነበረ። ነገር ግን ያመነን ስላልነበረ፣ እኛም የሚያምነን ሰው ሊያነበው የሚችለውን ነገር እንኳ መሰወር ለመድን። ባሏን ዕለት ዕለት የምትፈትሽ ሚስትና ሚስቱን የሚፈትሽ ባል፣ የቤታቸውን ሎሚ ራሳቸው እየጨመቁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስልክ ሁሉ ክፍት ይሁን ማለት አይደለም። «ብትወጂኝ የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ» የሚል ወጣት ዛሬ ብዙ ነው፤ ይህ ፍቅር ሳይሆን ገዢነት ነው። የጓደኛዋን ገበና፣ የእኅቷን ኀዘን፣ የሥራ ባልደረባዋን ምሥጢር የያዘ ስልክ የእርሷ ብቻ አይደለምና ለሌላ አሳልፋ የምትሰጠው መብት የላትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲደጋገፉ፣ አንዱ ለሌላው ታማኝ እንዲሆን ያዝዛል። አከባበርን ከታማኝነት ጋራ አብሮ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ታማኝነት የደባቂውን እጅ ይይዛል፤ አከባበር የበርባሪውን እጅ ይይዛል።

እኔ ለሁለቱ ወጣቶች የሰጠኋቸው ምክር ይህ ነው፤ ለእናንተም እደግመዋለሁ።

አንድ ነገር ልትሰውሩ ስታስቡ፣ «የምሰውረው ከማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከሌባ ከሆነ ቈልፉት። ሌላ ሰው አደራ ያላችሁ ምሥጢር ከሆነም ቈልፉት፤ ለወዳጃችሁ ግን «የሰው አደራ አለብኝ፤ ልነግርሽ አልችልም» በሉ። ይህን ለማለት የማያስችል ነገር ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ መሰወሪያ ሳይሆን ነገሩን መተው ነው። ሁለተኛ፣ የሚያስከፋ ነገር ካለ ሳትያዙ ተናገሩት። ሰው ራሱ የተናገረው ጥፋት ይቅርታ ሲያገኝ፣ ተይዞ የተናገረው ግን ከጥፋቱ በላይ ይመዘንበታል። ሦስተኛ፣ የምትጠረጥሩ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ አትበርብሩ። መጠየቅ ያሳፍራል፤ መልሱም ያስፈራል። ይሁን እንጂ የጠየቀ ሰው ቢያንስ የራሱን እጅ ንጹሕ አድርጎ ይጠብቃል። ተጠይቆ እያየ የሚዋሽ ሰው ከሆነም፣ ያን ሰው ለማወቅ ስልኩን መክፈት አያስፈልግም።

ሁለቱ ወጣቶች ያን ቀን አልታረቁም። ወጣቱ ካልኩሌተሩን በፊታችን ሊያጠፋው ስልኩን አወጣ፤ ልጅቱ ግን «ተወው፤ የምትፈልገውን ሌላ ስለምታገኝ ማጥፋቱ ምንም አይጠቅመኝም» አለችው። ልክ ነበረች። በጥር የታሰበው ሠርግ ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ወጣቱ የላከውን ገንዘብና ያደረሰውን መልእክት ሁሉ ነግሯታል፤ ለሴትዮዋም እጮኛ እንዳለውና ከእንግዲህ በስውር እንደማይነጋገር ጽፎላታል። ልጅቱም ስልኩን ዳግመኛ እንደማትነካ ቃል ገብታለች። ሁለቱም ቃላቸውን እየጠበቁ ይሁን አይሁን የሚያውቁት እነርሱና ፈጣሪያቸው ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ከባቡሩ ወርደው ወደ ቤት ሲሄዱ አያቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ገና እጅ ለእጅ አልተያያዙም።

ይህ ተስፋ ያስቈርጣል የምትሉ ካላችሁ፣ የሳጥኑን መጨረሻ ልንገራችሁ። ባለቤቴን በውነት ይቅርታ የጠየቅኋት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጠየቅሁት ሁሉ «ነገር ግን አንቺም...» የሚል ጅራት ነበረበት፤ ጅራት ያለው ይቅርታ ይቅርታ አይደለም። ከዚያም ወዲህ የት እንደ ዋለች፣ ማን እንደ ጻፈላት ሳልጠይቅ፣ እርሷ በወደደች ጊዜ የምትነግረኝን ብቻ እየሰማሁ ኖርሁ። መንግሥት ተለውጦ ወንድሟ በ1985 ዓ.ም. ሊጠይቀን መጣ። እርሱ በሄደ በማግሥቱ ጓዳ ሆና የጓጉንቸር ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኗን ቈልፋው ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ አልቋጠረችውም፤ ከአልጋችን በላይ በግድግዳው ምስማር ላይ፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ሰቀለችው።

ያን ቀን የታረቅን መሆናችንን ዐወቅሁ። ቁልፉ ዛሬም በዚያው ምስማር ላይ አለ። በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሳላውቅም በሰላም እተኛለሁ። ለእናንተም እንዲህ ያለውን ሰላም እመኝላችኋለሁ።